አልጋው የት እንዳለ የሚነግረን ማን ነው?

የኮልፌው
ሚያዝያ 8 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 2፡40

ከዐሥር ቀን በፊት፣ ማክሰኞ ሌሊት፣ አጎቴን በመኪና ይዘን አራት ሆስፒታል ዞረናል። የምጽፈው ሐዘኔታ ፍለጋ አይደለም። አጎቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከትናንት በስቲያ ቤቱ ገብቷል፤ ከመኝታው ደጅ እስኪደርስ መሀል ላይ አንዴ ማረፍ ቢያስፈልገውም ራሱን ችሎ ይራመዳል። የምጽፈው ያ ሌሊት አንድ ጥያቄ ስላተረፈልኝና ለጥያቄው እስካሁን መልስ የሰጠኝ ሰው ስላላገኘሁ ነው።

ጎረቤታችን ለእናቷ የገዛቻት ትንሽ የጣት መለኪያ አለቻት። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል የአጎቴን ኦክስጅን ስንለካ 81 አለ። እጁ ቀዝቅዞ ይሆናል ብለን መዳፉን አሽተን በሌላው እጅ ብንሞክር 79 ሆነ። የኮሮና የጥሪ መስመር ወደሆነው 8335 ደወልን፤ ብዙ ከጠራ በኋላ ተነሣ። የመለሰችልን ልጅ ትሑት ነበረች፤ ዕድሜውን፣ ሕመሙ የጀመረበትን ቀን፣ ስኳርና ደም ግፊት እንዳለበትና እንደሌለበት በጥሞና ጠይቃ ከመዘገበች በኋላ «ተደውሎ ይነገራችኋል» አለችን። የትኛው ሆስፒታል አልጋ እንዳለው ስንጠይቃት ግን «እሱ መረጃ እኛ ጋ የለም» አለች። ይህችን መልስ ልብ በሉልኝ፤ እመለስባታለሁ።

በአንደኛው ሆስፒታል የጥበቃ ሠራተኛው በሩን ሳይከፍት የእጅ ባትሪውን በመኪናው መስኮት አብርቶ የአጎቴን ፊት ካየ በኋላ «ኦክስጅን አልቋል፣ እዚህ አትቁሙ» አለን። አልተቀየምኩትም፤ እንዲያውም በዚያ ሌሊት እውነቱን ሳያዞር የነገረን እርሱ ብቻ ነበር። ሁለተኛው የምርመራ ውጤት ካልያዛችሁ አንቀበልም አለን፤ ውጤቱ ሁለትና ሦስት ቀን እንደሚፈጅ የነገረንም ያው ውጤት የጠየቀን ሰው ነው። ሦስተኛው የግል ነበር። አልጋም ነበረው፤ ማስያዣ ተብሎ የተጠየቅነውን ገንዘብ ግን እኔና ሁለቱ ልጆቹ የዓመት ደመወዛችንን ብናዋጣ አንሞላውም። በአራተኛው፣ ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ላይ፣ ኮሪደር ውስጥ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጦ ከአንድ ሲሊንደር ለሁለት በተከፈለ ቱቦ ከማናውቃቸው እናት ጋር እየተጋራ መተንፈስ ጀመረ።

አራተኛው ሆስፒታል ከቤታችን በመኪና ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እዚያ ቦታ መኖሩን የሚነግረን ሰው ቢኖር ኖሮ ከስድስት ሰዓት ተኩል በፊት እንደርስ ነበር።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። የጤና ሚኒስትሯ ዶክተር ሊያ ታደሰና የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በየዕለቱ በሚያወጡት ሪፖርት ስንት ሰው እንደተመረመረ፣ ስንቱ ቫይረሱ እንደተገኘበት፣ ስንቱ እንዳረፈና ስንቱ በጽኑ ሕመም ላይ እንዳለ በቁጥር ይነገረናል። በቀን የሚያዘው ሰው ከ2 ሺህ ሲያልፍ፣ ጠቅላላው ከ200 ሺህ ሲያልፍ፣ ሟቾች ከ3 ሺህ ሲያልፉ ቁጥሩን ሁላችንም አይተናል። በጽኑ ሕመም ላይ ያሉት ቁጥር ደግሞ ከሰማይ አይወርድም። እያንዳንዱ ሆስፒታል ስንት ታማሚ እንደያዘ ለሆነ ሰው ያሳውቃል፣ ያ ሰው ደምሮ ወደ ላይ ይልካል። የተያዘውን አልጋ የሚቆጥር ያልተያዘውንም ያውቃል። ታዲያ ድምሩ በየምሽቱ በቴሌቪዥን ሲነበብ ዝርዝሩ 8335 ላይ ከተቀመጠችው ልጅ ጠረጴዛ የማይደርሰው ለምንድን ነው? የገንዘብ እጥረት የሚለውን ምክንያት ለኦክስጅን ማምረቻ እቀበላለሁ፤ ተቆጥሮ ላለቀ ነገር ግን አልቀበልም። ዝርዝሩም እንደ ድምሩ በቴሌቪዥን ይነበብ፣ ሕዝቡ ሁሉ ይወቀው።


ያኔም ዛሬም
ሚያዝያ 8፣ ከምሽቱ 3፡25

ወንድሜ፣ አጎትዎን እግዚአብሔር ፈጽሞ ይማርልዎት። ነገር ግን ቁጣዎ ግማሹ መንገድ ስቷል ባይ ነኝ። በ2012 መጋቢት የጣሊያን ሐኪሞች ማንን አልጋ ላይ አስተኝተው ማንን እንደሚተዉ ለመምረጥ ሲገደዱ ያየን ሰዎች ነን። በሀብትም በሐኪም ብዛትም ከእኛ ጋር የማይወዳደር አገር ያልቻለውን እኛ ችለን እንድንገኝ መጠበቅ ተገቢ አይመስለኝም።

ደግሞስ ማዕበሉን ማን አመጣው? ጥር ሙሉ ሠርግ ነበር። እኔ ራሴ አራት ሠርግ ተጠርቼ ሦስቱ ላይ ተገኝቻለሁ፤ በሦስቱም አዳራሽ ማስክ ያደረገውን ሰው በአንድ እጄ ጣቶች እቆጥረዋለሁ፣ ከእነርሱም አንዱ ካሜራ ሲመጣ አውልቆ ኪሱ ከትቶታል። በጥምቀት ስንገፋፋ የዋልነው እኛ ነን። መመሪያ ቁጥር 30 ሲወጣ መጨባበጥ የተከለከለ ነው፣ ማስክ ግዴታ ነው፣ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ ብሎ ነበር፤ መመሪያው ጠፍቶ ሳይሆን የሚሰማው ጠፍቶ ነው።

የአልጋ ዝርዝር ይነገር የሚለውንም አስቡበት። ዛሬ ማታ «እገሌ ሆስፒታል ስድስት አልጋ አለው» ተብሎ ቢነገር ነገ ጠዋት ጉንፋን የያዘው ሁሉ በሩ ላይ ይሰለፋል። ያን ጊዜ እንደ አጎትዎ የጠናበት ሰው ከበሩ አልፎ መግባትም አይችልም።


ሲስተር፣ የሌሊት ተረኛ
ሚያዝያ 8፣ ከሌሊቱ 7፡10

የምሠራበትን ሆስፒታል አልጠራም፤ የእናንተ አራተኛውም ላይሆን ይችላል፣ ሊሆንም ይችላል። ለሁለታችሁም መልስ አለኝ።

በመጀመሪያ «አልጋ» የምንለው ነገር አልጋ አይደለም። ብረቱና ፍራሹማ ሞልቷል። የጎደለው ከአልጋው ራስጌ ያለው ኦክስጅን፣ እርሱን የሚከታተል ሰውና የመተንፈሻ ማሽን ነው። አርባ ሊትር የሚይዘው ትልቁ ሲሊንደር በደንብ ሲሞላ ወደ 6 ሺህ ሊትር ኦክስጅን ይሰጣል። በደቂቃ 10 ሊትር ለሚያስፈልገው ታማሚ ዐሥር ሰዓት ይበቃል ማለት ነው። ሃያ እንደዚህ ያሉ ታማሚዎች ያሉበት ክፍል በአንድ ቀን 48 ሲሊንደር ይጨርሳል። በደቂቃ 60 ሊትር የሚጠይቀው ማሽን ላይ ያለ ሰው ደግሞ ያንኑ ትልቅ ሲሊንደር ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ባዶ ያደርገዋል። ስለዚህ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ «ቦታ አለ» ያልንበት ክፍል፣ መኪናው ባዶዎቹን ወስዶ ሞልቶ ካልተመለሰ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ቦታ የለውም። ሌሊት የማደምጠው የታማሚዎቹን ሳል ሳይሆን የግቢውን በር ነው፤ ሙሉ ሲሊንደር የጫነ መኪና ሲገባ ከድምፁ አውቀዋለሁ፣ ባዶው ይንኳኳል፣ ሙሉው አይንኳኳም። በአንዱ ሌሊት ሲሊንደሮቹ መጥተው ሬጉሌተሩን የምንፈታበት ቁልፍ ጠፍቶ ዘበኛው ከመንገድ ማዶ ጎሚስታ ቀስቅሶ ቁልፍ ተውሷል። እንዲህ ያለው ነገር በማታው ሪፖርት ውስጥ አይገባም።

የኮልፌው፣ «የተያዘውን የሚቆጥር ያልተያዘውንም ያውቃል» ያሉት እንግዲህ ግማሽ እውነት ነው። የምንልከው ቁጥር በቀን አንድ ጊዜ የሚላክ ነው፤ በሚነበብበት ሰዓት ያረጀ ነው።

ነገር ግን የጥያቄዎ ሌላው ግማሽ በሚገባ ልክ ነው፣ በእርሱም እኔ ከእናንተ በላይ ተናድጃለሁ። እኛ ታማሚ ወደ ሌላ ሆስፒታል ለመላክ ስንፈልግ ምን እንደምናደርግ ታውቃላችሁ? በየሆስፒታሉ የሚሠሩ አብረውን የተማሩ ልጆች ስልክ ላይ እንደውላለን። በራሳችን ካርድ፣ በራሳችን ስልክ፣ «ሰላም ነሽ፣ ልጆች ደኅና ናቸው፣ ኦክስጅን ያለው ቦታ አለሽ?» እያልን። ባለፈው ወር የካርድ ወጪዬ እጥፍ ሆኗል። የት ቦታ እንዳለ የሚያውቅ መረብ አለ፤ የተሠራው ግን በነርሶች ትውውቅ ነው፣ እኔ ፈረቃዬን ጨርሼ ስተኛ መረቡም አብሮኝ ይተኛል። ይህን ሥራ በሃያ አራት ሰዓት የሚሠሩ ሦስት ተራ ሰዎችና ሦስት ስልኮች ያሉት አንድ ክፍል መተካት ይችል ነበር። ለዚህ ብድርም ዕርዳታም አያስፈልግም። ዓመት ሙሉ ጊዜ ነበረን።

ያኔም ዛሬም፣ ስለ ሠርጉ ያሉት እውነት ነው፣ እኔም አንዱ ላይ ነበርኩ። ጉንፋን የያዘው ሁሉ ይሰለፋል ያሉት ግን አሁን እየሆነ ያለው ነው። መረጃ ስለሌለ የቀለለበትም የጠናበትም አራት ሆስፒታል ይዞራል፣ በአራቱም በር ላይ ይሰለፋል።


ሚኒባስ ነጂ
ሚያዝያ 9፣ ከጠዋቱ 12፡05

ከመውጣቴ በፊት አጭር ነገር ልበል ብዬ ነው፣ ሳይረዝምብኝ አልቀርም።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጋቢት 30 ቀን 2012 ሲታወጅ በአገሪቱ የታወቁት ታማሚዎች 60 እንኳ አይሞሉም ነበር። በዚያን ጊዜ በግማሽ ወንበር ጫኑ ተባልን፣ ጫንን። ታሪፉ እጥፍ ሆነ፣ ተሳፋሪ ተማረረ፣ እኛም ስድብ ጠገብን። ከኋላ ወንበር ሁለት ሰው ብቻ፣ ሦስተኛ ያስቀመጠ ይቀጣል። አዋጁ በጳጉሜን አካባቢ ካበቃ በኋላ ሁሉም ነገር ተመልሶ እንደ ድሮው ሆነ፤ ሞልተን ጫንን፣ ትርፍም ጫንን፣ ማንም «ለምን» አላለንም። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ዜናው ሁሉ ስለ ጦርነቱ ሆነ፣ ኮሮና የሚባል ነገር ከሬዲዮዬ ጠፋ። መመሪያ ቁጥር 30 የሚባለውን እኔ የሰማሁት በዚህ በመጋቢት ነው፣ ጥሶ የተገኘ እስከ ሁለት ዓመት ይታሰራል ተብሎ ሲነገር። ለካ ከወጣ አምስት ወር ሆኖታል።

አሁን ምን እንደሚደረግ ልንገራችሁ። ረዳቴ ከሩቅ ትራፊክ ሲያይ «ማስክ! ማስክ!» ይላል። ዐሥራ ሁለቱም ከአገጩ ላይ ስቦ አፍንጫው ላይ ያደርጋል። ያላደረገ ካለ በነጠላ፣ በሻሽ፣ በጃኬት አንገት ይሸፍናል። ትራፊኩ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ እናልፋለን፣ ከመስቀለኛው ወዲያ ሁሉም ወደ አገጩ ይመለሳል። እኛ ከቫይረሱ ስንከላከል አይደለም፣ ከትራፊክ ስንከላከል ነው። ሕዝብ አይሰማም የሚለው ወንድሜ፣ ሕዝቡ የሰማውን ነው የሚያደርገው። ስልሳ ሰው ሲታመም አገር ተዘጋ፣ በቀን ሁለት ሺህ ሲታመም አገር ተከፈተ። ከዚህ የሚማረው ሰው ምን ይማራል? በሽታው ቀልሏል ብሎ ነው የሚማረው።


የዕድር ጸሐፊ
ሚያዝያ 9፣ ከቀኑ 5፡50

በአንድ የአዲስ አበባ ሰፈር የዕድር ጸሐፊ ነኝ። ከታኅሣሥ እስከ ዛሬ የጻፍኩት የሟች ስም ከዚያ በፊት በአንድ ዓመት ውስጥ ከጻፍኩት ይበልጣል። ስንቱ በኮቪድ እንደሞተ አላውቅም፤ ብዙዎቹ ሳይመረመሩ ቤታቸው ያረፉ ናቸው፣ ቤተሰቡም «ልብ ድካም ነበረበት» ይላል፣ እኛም እንደነገሩን እንጽፋለን።

እኔን ያስቆጣኝ ሌላ ነው። በመጋቢት ሦስተኛው ሳምንት ወረዳው የዕድር ዳኞችንና ጸሐፊዎችን በሙሉ ለስብሰባ ጠራ። አጀንዳው «በለቅሶ ቤት የሚደረግ መጨናነቅን መቀነስ» የሚል ነበር። በጣም ጥሩ አጀንዳ ነው። የተጠራነው ግን መስኮቱ በማይከፈት አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሁለት መቶ የምንሆን፣ አብዛኞቻችን ከስድሳ ዓመት በላይ የሆንን ሰዎች በአግዳሚ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀመጥን። ሦስት ሰዓት ያህል ስለ መራራቅ ተነገረን። አንድ ማይክሮፎን ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ዋለ፤ ተናጋሪው ሁሉ ድምፁ እንዲሰማ ማስኩን ያወርዳል። በመጨረሻ ላይ ለፎቶ ተጠጉ ተባልን።

ከመካከላችን አንድ የዘጠነኛው ዕድር ዳኛ ተነሥተው «ልጆቼ፣ ይህን ሁሉ በወረቀት ብትሰጡን እቤታችን አናነበውም ነበር?» አሉ። ሰው ሳቀ። መድረክ ላይ ያሉትም ሳቁ። ወረቀት ግን አልተሰጠንም፤ የመጣነው ሰዎች ስምና ፊርማ ብቻ ተወሰደ።

በዚያው ሰሞን የለቅሶ ድንኳናችንን በሦስት ረድፍ ብቻ ወንበር ደርድረን፣ መግቢያው ላይ ቧንቧ ያለው ጄሪካን አቁመን፣ ቀባሪው ከቀብር መልስ እጁን ታጥቦ ብቻ ተሰናብቶ እንዲሄድ አድርገናል። ይህን ያደረግነው ወረዳው ስላዘዘን ሳይሆን ከእኛው መሀል ጡረታ የወጡ አንድ የጤና መኮንን ስለመከሩን ነው። በሠልስት ድንኳን ማፍረስ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሰፈር ሰው ያውቀዋል፤ ሁለት ሐዘንተኞች እስከ ዛሬ አያናግሩኝም። ለኮልፌው የምለው፣ የአልጋውን ዝርዝር የሚጠይቅ ደብዳቤ ቢጻፍ የዕድራችንን ማኅተም ለማስመታት ለኮሚቴው አቀርባለሁ።


ከወሎ ገጠር ከተማ
ሚያዝያ 9፣ ከቀኑ 8፡15

ክርክራችሁን በጥሞና ተከታትያለሁ፤ ቅናት እንዳይመስልብኝ እንጂ አራት ሆስፒታል መዞርም ዕድል ነው። እኛ ዘንድ የሚዞረው አንድ ነው። ጤና ጣቢያችን ያለው አንድ ኦክስጅን ከአየር የሚያጣራ ማሽን በደቂቃ አምስት ሊትር ይሰጣል፤ መብራት ሲጠፋ እርሱም ይቆማል። ከዚያ ያለፈ ወደ ደሴ ሪፈር ይጻፍለታል፣ መንገዱ ሦስት ሰዓት ነው። ባለፈው ወር ሪፈር የተጻፈላቸው መምህራችን ደሴ ሲደርሱ ቦታ የለም ተብለው ተመልሰዋል። የሄደውም የተመለሰውም በአንድ አምቡላንስ ነው፤ በዚያ ስድስት ሰዓት ውስጥ ምጥ የያዛት ሴት ቢኖር በምን ትሄድ ነበር? አንድ ስልክ ቢደወል ኖሮ አምቡላንሱ ከግቢ ባልወጣ። የእናንተ ጥያቄ የእኛም ነው፤ እኛን ደግሞ የሚያስከፍለን የአራት ሰዓት ሌሊት ብቻ አይደለም።


ጤና ኤክስቴንሽን
ሚያዝያ 9፣ ከምሽቱ 1፡30

ከመንግሥት ወገን ሆኜ መልስ የምሰጥ አይምሰላችሁ፤ ደመወዜን ግን ከዚያ ነው የማገኘው። ከውስጥ ምን እንደሚመስል ላስረዳ።

በሚያዝያ 2012 አዲስ አበባ ላይ ቤት ለቤት የሙቀት ልኬት ስናደርግ ነበርኩበት። በአንድ ቀን መቶ በር አንኳኩቻለሁ። ሰው ያኔ በር የሚከፍተው ፈርቶ ነበር፣ «ልትወስዱን ነው?» እያለ። ያን ጊዜ ያገኘነው በሽተኛ ከቁጥር የማይገባ ነው፤ ነገር ግን በየቤቱ ማን አዛውንት እንዳለ፣ ማን ስኳር እንዳለበት፣ ማን ብቻውን እንደሚኖር የሞላነው ቅጽ አለ። ዛሬ ያ ቅጽ ቢኖረኝ ምን ላደርግበት እንደምችል አስቡት። የት እንዳለ ጠየቅሁ። «ለበላይ ተልኳል» ተባልኩ።

ነሐሴ ላይ የምርመራ ዘመቻ መጣ፤ በብዛት መርምሩ ተባለ፣ ተመረመረ፣ ዘመቻው አለቀ። ከዚያ ሌላ ሥራ፣ ሌላ ቅጽ። ሁሉም ነገር በዘመቻ ነው የሚመጣው፤ ሲጀመር ጃኬትና ኮፍያ ይታደላል፣ ሲያልቅ ሪፖርት ይጻፋል፣ የሚቀጥለው ሲመጣ ከዜሮ እንጀምራለን። ሚኒባስ ነጂው የተናገሩት እኔም በእግሬ የዞርኩበት ነው፤ መቶ ታማሚ ባልሞላበት ጊዜ በየበሩ ነበርን፣ ዛሬ ከተመረመሩት አምስት ሰዎች አንዱ ላይ እየተገኘ በየበሩ የለንም።

ስለ ክትባቱም ልጨምር፣ ብዙ ሐሜት ስለምሰማ። 2.2 ሚሊዮን ገደማ ዶዝ የአስትራዜኒካ ክትባት የካቲት 28 ገብቶ መጋቢት 4 መሰጠት ጀመረ፣ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ ልክ በዓመቱ። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ስለሆነ የሚበቃው ለ1.1 ሚሊዮን ሰው ብቻ ነው። የሚያመርተው የሕንዱ ተቋም ስለሆነና ሕንድ ወደ ውጭ የሚላከውን ስለገታች የሚቀጥለው መቼ እንደሚመጣ እኛ ታች ያለን አልተነገረንም። አንዱ ጠርሙስ ዐሥር ሰው ይከትባል፣ ከተከፈተ በስድስት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ስለዚህ ሰባት አዛውንት ይዤ ሦስት እስኪሞሉ አስቀምጣቸዋለሁ። ትናንት ሰባተኛዋ እናት ሁለት ሰዓት ጠብቀው «ልጄ፣ በሽታውን እዚሁ ወረፋ ላይ እንዳልይዘው» ብለው ሄዱ። ስድስት ቀሩኝ፤ ጠርሙሱን ሳልከፍት ስድስቱንም ለዛሬ ቀጠርኩ፣ ዛሬ አራቱ መጡ። ያ የቤት ለቤት ቅጽ ቢኖረኝ ኖሮ ዐሥሩን ከየቤታቸው በስልክ ጠርቼ በአንድ ሰዓት እጨርስ ነበር። የሲስተር ስልክና የእኔ ቅጽ አንድ ታሪክ ናቸው።


የኮልፌው
ሚያዝያ 9፣ ከምሽቱ 3፡00

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በሁለት ነገር ተሳስቼ ነበር፣ አርማለሁ።

የአልጋው ዝርዝር በቴሌቪዥን ይነበብ ማለቴን ትቻለሁ፤ ሲስተር ስለ ሲሊንደሩ ሰዓት ካስረዱን በኋላ የማታ ቁጥር ለሌሊት ታማሚ እንደማይጠቅም ገብቶኛል። ሕዝቡ ሁሉ ይወቀው ማለቴንም ትቻለሁ፤ ያኔም ዛሬም ያሉት ስጋት ውስጥ ፍሬ አለ። የምጠይቀው ያነሰ ነገር ነው። 8335 ሲደወል የሚያነሣው ሰው ከየሆስፒታሉ ተረኛ ጋር በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ ተነጋግሮ ኦክስጅን ያለው ቦታ የት እንዳለ የያዘ እንዲሆን፣ ለደዋዩም «ወደዚህ ሂዱ፣ እየጠበቋችሁ ነው» እንዲል። ለክልል ጤና ጣቢያዎችም አምቡላንሱ ከመንቀሳቀሱ በፊት የሚደውሉበት እንዲሆን። ቁጥሩ ነጻ ነው፣ ሕዝቡ ያውቀዋል፣ ሰው ተቀጥሮበታል። የጎደለው ከሲስተር ስልክ ውስጥ ያለው መረጃ ብቻ ነው።

እንዲያውም የሚቆጨኝ ያችን ልጅ «ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ?» ብዬ መናገሬ ነው። ዝም አለች። ምን ትበል፤ ማንም ያልነገራትን እኔ ነኝ የጠየቅኋት።


ያኔም ዛሬም
ሚያዝያ 9፣ ከምሽቱ 3፡40

በዚህ መልኩ ከቀረበ የምቃወምበት ምክንያት የለኝም፤ እፈርማለሁ። አንድ ነገር ግን አልለቅም። ሆሳዕና በሚቀጥለው ሳምንት፣ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው፤ ረመዳንም ተጀምሯል። ደብዳቤያችን ተነቦ መልስ እስኪያገኝ የዶሮና የበግ ገበያው ይደርሳል። የመንግሥት ጥፋት የእኛን አይሰርዘውም። እኔ ዘንድሮ ዘመድ ቤት አልሄድም ብያለሁ፣ እናቴ ተቀይማለች፣ ትቀየም።


ሲስተር፣ የሌሊት ተረኛ
ሚያዝያ 10፣ ከጠዋቱ 2፡20

አሁን ከሥራ ወጣሁ። ደብዳቤው ላይ የእኔን ስም አታስገቡ፤ ሐሳቡን ግን ውሰዱት።

እስከዚያ ድረስ የሚጠቅም ከሆነ፦ የጣት መለኪያ ያላችሁ ሰዎች 80 እስኪደርስ አትጠብቁ። ከ94 በታች መውረድ ከጀመረ ያን ቀን በብርሃን ውጡ፤ በቀን የሚገኝ ቦታ በሌሊት አይገኝም፣ መኪናውም ሲሊንደር የሚያመጣው በአብዛኛው በቀን ነው። ከመለካታችሁ በፊት የጥፍር ቀለም ካለ አስለቅቁ፣ እጁን አሙቁ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። መንገድ ላይም ሆነ ቤት ስትጠብቁ ታማሚው ከቻለ በሆዱ ይተኛ፣ ካልቻለ በጎኑ። ወደ ሆስፒታል ስትደውሉ «አልጋ አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁልጊዜ «የለም» ነው የሚባለው። «አሁን ለሚመጣ ሰው ኦክስጅን አላችሁ? የምርመራ ውጤት ሳይዝ ትቀበላላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ የመለሰላችሁንም ሰው ስም ጻፉ።

የኮልፌው፣ አጎትዎን በጎናቸው ያስተኟቸው።


የዕድር ጸሐፊ
ሚያዝያ 10፣ ከቀኑ 9፡30

ከቅዳሴ በኋላ ኮሚቴው ተሰብስቦ ነበር፣ በግቢ ውስጥ፣ ዘጠኝ ሰዎች ብቻ። ከዕድሩ ገንዘብ ሦስት የጣት መለኪያ እንዲገዛና በሦስት ቤት እንዲቀመጥ ተወስኗል፤ ሌሊት የሚያንኳኳ እንዳይፈራ ስልካቸው በየበሩ ይለጠፋል። የደብዳቤውንም ረቂቅ አንብቤላቸዋለሁ። ገንዘብ ያዡ «8335 ላይ ያለችው ልጅ» የሚለው ለመንግሥት ደብዳቤ አይሆንም ብለው «የጥሪ ማዕከሉ ባለሙያ» በሚል አስቀይረውኛል። ማኅተሙ ተመቷል። አጎራባች ስድስት ዕድሮች ደብዳቤውን አይተው ማኅተማቸውን እንዲጨምሩበት በየቤታቸው ይዞርላቸዋል፤ ስብሰባ አንጠራም።